በሕይወት ላለች ልጅ የተሰገደ ጀናዛ



የአዲስ አበባ ሙስሊም «ኮልፌ» ሲል ሁልጊዜ ሰፈሩን ማለቱ አይደለም። «ቀብሩ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «ኮልፌ» ነው። ከዙህር ወይም ከዐስር ሶላት በኋላ ጀናዛ የጫነ መኪና ከፊት፣ ሰው ያጨቀ ሚኒባስና ቅጥቅጥ ከኋላ ሆነው ወደ ሙስሊም መቃብሩ ሲወጡ ያላየ የኮልፌ ልጅ የለም። ጀናዛ ሲያልፍ ቆሞ ዱዓ ማድረግ እዚያ ሰፈር የሚለመደው በልጅነት ነው።

ኮልፌ ሲነሳ ብዙዎች የሚያወሩት ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደበት ቦታ መሆኑን ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ኮልፌም ይገባዋል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው ሌላ ታሪክ ነው፤ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከሐላባ፣ ከቀቤና፣ ከሐዲያ እየመጡ ኮልፌን የሞሉት ቤተሰቦች ከአገራቸው ይዘውት የመጡት፣ ልጆቻቸው ግን ያልሰሙት ታሪክ።

ወደዚህ ታሪክ ያመጣችን አንዲት እህት ናት። ስሟን አንጠቅስም። ኮልፌ ተወልዳ ኮልፌ ያደገች ናት። ቤት ውስጥ ስልጥኛ ይወራል፣ እሷ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በአማርኛ ነው። ለዓረፋ ወደ ወራቤ በኩል ሲወርዱ የአጎቶቿ ልጆች «የአዲስ አበባዋ መጣች» ይሏታል፤ አነጋገሯን ያስመስሉባታል። አዲስ አበባ ስትመለስ ደግሞ ሥራ ቦታ «አንቺ የየት አገር ሰው ነሽ?» ትባላለች። «እዚሁ ኮልፌ ተወለድኩ» ስትል «እሱማ ነው፣ ግን ከየት ነሽ?» ይሏታል። ሥራ በጀመረች በጥቂት ወራት ሻርፗን ታክሲ ውስጥ ማውለቅ ጀመረች። «ማንም አውልቂ አላለኝም። የሚያዩኝ ዐይን ግን አለ» ነው ያለችን። ማታ 18 ማዞሪያ ከመድረሷ በፊት መልሳ ትለብሳለች። አንድ ቀን ሳትለብስ ወረደች፤ አጎቷም አያት። በዚያው ምሽት ቤት መጥቶ፣ ቡና በቀረበበት፣ እሷም በተቀመጠችበት፣ «ይቺ ለእኛ ሞታለች። ቀብረናታል» አለ።

እኛ ሂጃብን ማውለቅ ቀላል ነገር ነው አንልም። አላህ ያዘዘው ግዴታ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። የሳበን ግን የአጎትየው ንግግር ነው። «ለእኛ ሞተሻል» በአማርኛም በስልጥኛም በንዴት የሚወረወር ቃል ነው። ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት በፊት ግን በእነዚሁ ቤተሰቦች አገር ንግግር ብቻ አልነበረም፤ ሥርዐት ነበር።

ሐዲያ ስንል ዛሬ አእምሯችን የሚሄደው ሆሳዕና ወዳለችበት ዞን ነው። የመካከለኛው ዘመን ሐዲያ ግን ከዚያ እጅግ ይሰፋ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪ ከሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም አገሮች አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ከኢፋት፣ ከደዋሮ፣ ከዐረባብኒ፣ ከሻርኻ፣ ከባሌና ከዳራ ጋር። የዛሬዎቹ የስልጤ፣ የሐላባ፣ የቀቤና፣ የሐዲያ ሕዝቦች የዘር ሐረግ ወደዚያች አገር ይመዘዛል። ገዢዎቿ ገራድ ይባሉ ነበር። በዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሐዲያ በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ አንዴ እየገበረች አንዴ እያመፀች ኖረች።

ከግብሩ ውስጥ አንዱ ልጃገረድ ነበር።

የኢማም አሕመድን ዘመቻ በዐይኑ ያየው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ፣ ኢማሙ ሐዲያ በደረሰ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ስለዚህ ግብር የነገሩትን መዝግቧል። ነገሩን በእኛ ቃል እናስቀምጠው። ንጉሡ የጦር መሣሪያ እንዳይዙና ሰይፍ እንዳይታጠቁ ከልክሏቸው ነበር፤ ፈረስም ቢሆን ያለ ኮርቻ ካልሆነ አይጋልቡም። በየዓመቱ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር አንዲት ልጃገረድ ይሰጣሉ፤ እሷም ትከረስቲያናለች። እምቢ ቢሉ ሰዉን እንዳይፈጅባቸው፣ መስጂዳቸውንም እንዳያፈርስባቸው ይፈራሉ። የንጉሡ መልእክተኛ ሲመጣ ልጅቷን አልጋ ላይ ያስተኟታል፣ ያጥቧታል፣ በጨርቅ ይሸፍኗታል፣ ሶላተል ጀናዛ ይሰግዱባታል። ከዚያ እንደ ሞተች ቆጥረው ያስረክቧታል። አባቶቻችንና አያቶቻችን ሲያደርጉት ያገኘነው ይህንን ነው አሉት።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ይህ ቦታ በፍጥነት የሚታለፍ አይደለም።

ሶላተል ጀናዛ ሩኩዕም ሱጁድም የለውም። ቆመህ አራት ተክቢራ ነው። ሰጋጁ ከፊቱ ላለው ሰው ምሕረት ይለምናል። እዚህ ከፊት የተጋደመችው ልጅ ትተነፍሳለች። ተክቢራውን አንድ በአንድ ትሰማለች። የሚያሰግደውን ሰው ድምፅ ታውቀዋለች፤ ምናልባት ፋቲሓን ያስቀራት እሱ ነው። ከሰልፉ ውስጥ አባቷ አለ። የመጨረሻው ሰላምታ ሲባል ከአልጋው ተነስታ በእግሯ ትሄዳለች።

ያደረጉትን ሰዎች ለመውቀስ መቸኮል አይገባም። ሰይፍ የተቀማ ሕዝብ ነው። ልጁን ሊያድን ካልቻለ ቢያንስ ሐዘኑን የሚያወጣበት መንገድ ፈልጓል። ልጅቷ በሕይወት አለች ብሎ ማሰብ፣ ዛሬ ምን በላች፣ ምን ለበሰች፣ በማን ስም ጸለየች እያሉ በየቀኑ መብሰልሰል ነው። ሞታለች ማለት ይቀላል። ይህን የማይረዳ ወላጅ ያለ አይመስለንም።

ሆኖም ነገሩን ከእሷ አልጋ ሆነን ስናየው ሌላ ነው። አንዱ ወገን ሃይማኖቷንና ስሟን ሊቀይር ይጠብቃታል። ሌላው ወገን ሳትወጣ ቀብሯታል። ለንጉሡ ግብር ናት፣ ለዘመዶቿ ጀናዛ ናት። ልጅቷ ራሷ ምን ነኝ ትላለች የሚለው ጥያቄ በዚያ ሥርዐት ውስጥ ቦታ የለውም።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ከተሻገሩት የሐዲያ ሴቶች መካከል ታሪክ በሰፊው የሚያውቃት አንዲት ናት፤ እቴጌ ኤሌኒ። የእሷ ዘመን ዐረብ ፈቂህ ከጻፈው ወደ መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ የሄደችውም እንደ ተራ ግብር ሳይሆን የገዢ ልጅ ሆና፣ በፖለቲካ ጋብቻ ነው። የሐዲያው ገራድ መሕመድ ልጅ ናት። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ለገዛው ለአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች፣ ክርስትና ተነሳች፣ የቀኝ ንግሥት ተባለች። የማዕረግ ስሟ ዣን ዘላ ነበር።

ዜና መዋዕሉ የአባቷን ስም ጽፏል። የወንድሟን ስም ጽፏል፣ ማሂኮ ነው። የአጎታቸውንም ጽፏል፣ ባሞ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን አልጻፈም። ኤሌኒ የተቀበለችው ስም ነው፣ ዣን ዘላ የተሾመችበት ስም ነው። ሐዲያ ውስጥ ልጅ ሆና ሲጠሯት ዞር የምትልበት ስም ከመዝገቡ ወጥቷል።

ወንድሟን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አባትየው ካለፈ በኋላ ማሂኮ ገራድ ሆነ፣ ግብሩንም አልከፍልም አለ። ከእሱ ጋር ያበሩት ገራዶች በዜና መዋዕሉ ተዘርዝረዋል፤ ከነሱ ውስጥ የቀቤናና የሐላባ ገራዶች ይገኙባቸዋል። ዛሬ ኮልፌ ውስጥ በእድር መዝገብ ላይ የምታገኟቸው ስሞች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአመፅ መዝገብ ላይ አሉ ማለት ነው። አጎትየው ባሞ ግን ከንጉሡ ጎን ቆመ፣ በማሂኮም ቦታ ተሾመ። ማሂኮ ወደ አዳል ሊሸሽ ሲል ተከትለው ገደሉት።

ኤሌኒ ያን ቀን የት ነበረች? ቤተ መንግሥት። ባሏ ወንድሟን አስገደለ። አጎቷ በወንድሟ ደም ላይ ሹመት ተቀበለ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የማሂኮን እኅትነት ጠቅሶ ያልፋል፤ እሷ ስላሰማችው ድምፅ የጻፈው የለም።

ከዚያ በኋላ የኖረችው ዕድሜ ረጅም ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሞተ፤ ልጁ በእደ ማርያም እናቱ በሕይወት ስላልነበረች ኤሌኒን እንደ እናት አከበራት። የእሱ ዜና መዋዕል ስለ እሷ የሚናገረው ምስጋና ብቻ ነው፦ በሃይማኖቷ የጸናች፣ መጽሐፍ የምታውቅ፣ ሕግ የምታውቅ፣ የማዕድ ዝግጅት የምትችል፣ የመንግሥት ጉዳይ የሚገባት። እስክንድር፣ ከዚያ ሕፃኑ ዐምደ ጽዮን፣ ከዚያ ናዖድ ተፈራረቁ። በ1508 እ.ኤ.አ. ናዖድ ሞቶ ገና ልጅ የነበረው ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት ከመሩት ዋናዋ እሷ ነበረች። ጎጃም ውስጥ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራች። ሁለት የግዕዝ የጸሎት ድርሰቶችም በስሟ ይነገራሉ።

ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችውም እሷ ናት። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደረሰ። ደብዳቤው የሚጠይቀው በቀይ ባሕርና በግብፅ ሙስሊሞች ላይ የጦር ኅብረት ነው። በዚያ ጥሪ መነሻነት የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን በ1520 ምፅዋ ወረደ፤ ግንኙነቱ ሥር ሰድዶ በ1541 የክሪስቶቫኦ ዳጋማ ጠመንጃ ያዦች ኢማም አሕመድን ለመውጋት መጡ። የገራድ መሕመድ ልጅ የጻፈችው ደብዳቤ ነው እንግዲህ።

ስለ ኤሌኒ በእኛ ወጣቶች መካከል ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንዱ «ከሃዲ ናት፣ ስሟ አይነሳ» ነው። ሌላው «የእኛ ልጅ ናት፣ ኢትዮጵያን የመራች ሙስሊም ሴት» ነው። ሁለቱም አያስኬድም። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ሴትየዋ የኖረችውም የሞተችውም ክርስቲያን ሆና ነው፣ የእምነቷንም ጽናት የራሷ ወገኖች መስክረውላታል። የመጀመሪያው ደግሞ አንድ ነገር ይዘላል። አንዲት ልጅ እንደ ግብር ወይም እንደ ውል ከተሰጠች በኋላ፣ ወገኖቿ እንደ ሞተች ከቆጠሯት በኋላ፣ ሟች ሆና ትቀመጥ ማለት አይቻልም። የተቀበሏት ሰዎች ዘንድ ሰው ሆነች። ችሎታዋን ያፈሰሰችው ስም ለሰጧት ነው። ይህ ድርጊቷን ለእኛ አያስወድደውም፤ ከየት እንደመጣ ግን ያሳየናል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚያ ቤተ መንግሥት ለስድስት ዓመታት ያህል ቆይቷል። ኤሌኒ ስትሞት ሕዝቡ ምን ያህል እንዳዘነላት ጽፏል። እሱ ከጻፋቸው ውስጥ ግን እኛን የበለጠ የያዘን ትንሽ ታሪክ አለ። አንዲት የሐዲያ ንግሥት፣ ሙስሊም፣ ወደ ልብነ ድንግል ሰፈር እርዳታ ልትጠይቅ መጣች፤ የባሏ ወንድም ተነስቶባቸው ነበር። በክብር ተቀበሏት። ይህች ንግሥት እኅት ነበረቻት። እኅትየው ለንጉሡ ሚስትነት ታጭታ መጥታ፣ ክርስትና ተነስታ፣ ከዚያ ንጉሡ ሲያያት የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው ብሎ አልፈልግም አለ። ክርስትና ስለተነሳች ወደ አባቷ መመለስ አልተቻለም። ለአንድ ትልቅ መኳንንት ተዳረች።

ሁለት እኅትማማቾች፣ አንድ እናት አባት። አንዷ ሙስሊም ንግሥት ሆና በሰፈሩ በክብር ትታያለች። ሌላዋ በጥርሷ ምክንያት ቤተ መንግሥቱ አልፈለጋትም፣ በጥምቀቷ ምክንያት አገሯ መመለስ አትችልም። አልቫሬዝ ይህን የጻፈው እንደ ወሬ ነው። የዚያች ልጅ ስምም የለም።

ወንዶችስ? በዚያው ዘመን ድንበሩን የተሻገረ ወንድ ነበረ። የልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ በኢማም አሕመድ ሰዎች እጅ ወደቀ፣ ኋላም ባሕር ተሻግሮ የመን ወዳሉት ቱርኮች ተላከ። በሌላ በኩል የኢማሙና የባቲ ድል ወንበራ ልጅ ሙሐመድ በክርስቲያኖቹ ተማረከ። ድል ወንበራ የኢማም መሕፉዝ ልጅ ናት፤ ወታደሩ ተመለሺ እያላት ከዘመቻው ያልቀረች፣ ሁለት ልጆቿን በጦር ጉዞ ላይ የወለደች ሴት። ኢማሙ በ1543 ከተገደለ በኋላ ሁለቱ እናቶች፣ ድል ወንበራና የሚናስ እናት ሰብለ ወንጌል፣ ልጆቻቸውን ለማስመለስ ተስማሙ። ልጅ በልጅ ተለወጠ። ሚናስ ተመለሰ፣ በ1559 እ.ኤ.አ. ነገሠ። በጠላት እጅ ስለኖረ «ሞተሃል» ያለው የለም። ዙፋን ነው የጠበቀው። የሐዲያ ልጃገረዶች የመለወጫ ስምምነት አልተደረገላቸውም፤ ለሞተ ሰው ደግሞ ማን ይደራደራል?

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነው ትሉን ይሆናል። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ልጃገረድ የሚወስድ ንጉሥ የለም። የስም ጥያቄ ግን አልቀረም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የእኛ አያቶች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበሩ፤ እንግዳ ተከራይ ይመስል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ሰልፍ ከወጡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል። በዓሎቻችን በአገር ደረጃ መከበር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የእህታችን ወላጆች አገር ደግሞ ለረጅም ጊዜ በሌላ ስም ሥር ሲቆጠር ኖሮ፣ በ1993 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ነን ብሎ ድምፅ ሰጠ። አረጋውያኑ ከዚያ በፊት ቋንቋቸውን «እስላምኛ» ይሉት እንደነበር ታውቃላችሁ? ሃይማኖት፣ ቋንቋና ብሔር በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ነበር የሚኖረው። ለዚህ ነው አንድ አጎት ሻርፕ ወልቆ ሲያይ፣ ቋንቋውም አገሩም አባቶቹም አብረው የወለቁ የሚመስለው። እሷ ደግሞ ያወለቀችው ሻርፑን ነው፤ ሌላውን እንዴት እንደምትለብሰው ማንም አላሳያትም።

አሁን ወደ ሰሓቢያት እንሂድ፤ ምክንያቱም በሁለት አገር መካከል የቆመች ሴት ጥያቄ በዲናችን ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም፣ ያውም ከሐበሻ ጋር የተያያዘ ነው።

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከባሏ ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ናት። ሄዳ የተመለሰች እንግዳ አልነበረችም። ከአሥር ዓመት በላይ ኖራለች። ሦስት ልጆቿን ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው በሐበሻ ምድር ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ፣ በመርከብ ተመልሰው መዲና ገቡ። አንድ ቀን ሐፍሷ ቤት ተቀምጣ ዑመር (ረ.ዐ.) ገቡና ማን ናት ብለው ጠየቁ። አስማእ ናት ሲባሉ ሐበሻይቱ? የባሕሯ ሴት? አሉ። ከዚያም በሂጅራ ቀድመናችኋል፣ ለነቢዩ ከእናንተ ይልቅ እኛ ነን የምንቀርበው አሏቸው።

አስማእ ተቆጣች። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳልነግር እህል ውሃ አልቀምስም ብላ ማለች። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሏችሁ ነበር፣ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን አለች። ሄዳም ነገረች። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፦ ዑመርና ባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ አላቸው፣ እናንተ የመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ አላችሁ። ከዚያ በኋላ የመርከቧ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህን ሐዲስ ደግማ ደጋግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር። ምን ያህል እንደተጠሙ አስቡት።

«ሐበሻይቱ» ስትባል ሐበሻን አልካደችም። ያ ዘመኔ ይረሳልኝ፣ ዛሬ የመዲና ሴት ነኝም አላለችም። እዚያ የኖርኩት ለአላህና ለመልእክተኛው ስል ነው ብላ የሩቁን አገር ዓመታት ይዛ ቆመች። የተመዘነላትም እንደ ጉድለት ሳይሆን በጭማሪ ነው።

ሌላም አለ። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ልትሞት ስትል ያሳሰባት፣ የሴት ጀናዛ በጨርቅ ብቻ ሲሸፈን የሰውነቷ ቅርፅ መታየቱ ነበር ይባላል። አስማእ ሐበሻ ያየሁትን ላሳይሽ ብላ እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አጎበጠች፣ ጨርቅ ጣለችበት፤ ቅርፅ የማያሳይ ቃሬዛ ሆነ። ፋጢማም ወደደችው፣ በእሱም ተሸኘች ተብሎ ተዘግቧል። ኮልፌ የሚወጣው የሴት ጀናዛ ላይ ያንን ጎበጥ ያለ ሽፋን አይታችሁት ይሆናል።

ከአገራችን ሙስሊም ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ የነጃሺ ጀናዛ ነው። ነጃሺ በሐበሻ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ሰሓቦችን አሰልፈው በአራት ተክቢራ ሰገዱለት። በክርስቲያን ሕዝብ መካከል፣ በክርስቲያን ዙፋን ላይ የኖረ ሰው ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ሙስሊም ነው ብለው አልቀበሩትም። በሩቅ የተሰገደለት ሶላት ወንድማችን ነው ማለት ነበር። የሐዲያው ሶላት ያው ሶላት ነው፣ ያው አራት ተክቢራ፤ ሥራው ግን ተገልብጧል።

ይህን ታሪክ ለእህታችን ስንነግራት ስለ ዑመርና ስለ አስማእ ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችን። ከሐዲያዋ ልጅ ታሪክ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችን ያልጠበቅነውን ነው። «ሰውነቷን ያጠቡት ሴቶች ናቸው አይደል? እነሱስ ምን አሏት?»

ዐረብ ፈቂህ ሴቶቹ ያሉትን አልጻፈም። እናትየዋ ወይም አክስትየዋ በዚያች ሰዓት በጆሮዋ ያንሾካሾኩት ነገር ካለ፣ እሱም እንደ ስሟ ቀርቷል።

ለዓረፋ አያቷ ደውለው «ልጄን ይዛችሁ ኑ» አሉ። አጎትየውም እዚያው ነበረ። ሻርፗን ለብሳ ሄደች፤ ለማን ብላ እንደለበሰችው አልጠየቅናትም፣ እሷም ገና እያሰበችበት እንደሆነ ነው የነገረችን። ክትፎው ሲቀርብ አያትየው ከአጎቷ ጋር በአንድ ትሪ አስቀመጧት። አጎትየው አላናገራትም። ቆጮው ከፊቷ ሲያልቅ ግን ከራሱ በኩል ቆርሶ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። በስሟ እስካሁን አልጠራትም።

ወሏሁ አዕለም።